ስለ ታሪኳ ያወራሁት ውሸት

ይህን ለእናቴም ለፓስተራችንም ተናግሬው አላውቅም። የምታነቡት እናንተ የመጀመሪያ ሰሚዎቼ ናችሁ። ስለ ጎረቤታችን ልጅ፣ ስለ ታሪኳ የዋሸሁት እኔ ነኝ።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ወርቃ በሚባለው ቡና ማጠቢያ ሥራ ገባሁ። ታሪኳ ግን ዘጠነኛ ደረሰች። እኛ ሴቶች ቡና በተሰጣበት የሽቦ አልጋ ግራና ቀኝ ቆመን የተሰበረውን ፍሬ ስንለቅም ወሬው ከአልጋ አልጋ ይሻገራል። እኔ ዓይን አፋር ስለሆንኩ ዝም ብዬ ነበር የምለቅመው። "ይቺ ልጅ ምላሷን ቤት ትታው ነው የምትመጣው" ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን ታሪኳ በጸሎት ቤቱ አዳራሽ ከሁለት የክፍሏ ልጆች ጋር ሂሳብ ስታጠና አየኋት። ሁለቱም ወንዶች ናቸው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። እሷ ሰሌዳው ላይ እየጻፈች ስታስረዳቸው ከመንገድ ሆኜ ሰማሁ። ቀናሁ? አዎ፣ ቀናሁ።

በማግስቱ አልጋው ዳር ቆሜ "ጥናት ይሉታል እንጂ በር ዘግተው ነው የሚውሉት፤ ታሪኳ ተበላሽታለች" አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም፣ ራሴ ነኝ ያልኩት። ሴቶቹ ሳቁ። "አይ አንቺ፣ ለካ ትናገሪያለሽ!" ሲሉኝ ደስ አለኝ። ይህን ደስታ ምን ልበለው?

በሳምንቱ አባቷ "ከወንድ ጋር መማር ይብቃሽ" ብለው አስቀሯት። ይኸው ዓመት ሊሆናት ነው፣ እኔ ካለሁበት አልጋ ትለቅማለች። "ማን ይሆን እንዲህ ያለብኝ?" ስትለኝ አንገቴን ደፋሁ። እሱስ ዓይን አፋርነት ነበር? አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር።

ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ አባቷ ለእናቴ ሲነግሯት ሰማሁ።

"ልጄ ሳቅ ትታለች፣ እህቴ። ሁሉም ሰማሁ ይለኛል፣ አየሁ የሚል ግን የለም። በሩ ክፍት ነበር የሚለኝ አንድ ሰው ባገኝ ነገውኑ አስመዘግባት ነበር።"

ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። ያየሁት እኔ ነኝ፣ የዋሸሁትም እኔ ነኝ። ዛሬ ከሥራ ስወጣ ቤታቸው ሄጄ አባቷም ታሪኳም ባሉበት እናገራለሁ። አባቷ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም።

ታሪኳ፣ ይቅር በይኝ። ካልሆነልሽም ግድ የለም፣ አትቸኩዪ። ብቻ ሰኞ ክፍል ግቢ።