የበግ ጸጉር ድንጋይ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም። ጾም የሻርኩበትን፣ ሰው ያማሁበትን፣ ባሌ ላይ የጮኽኩበትን ሁሉ አንድ በአንድ ተናዝዣለሁ። ይህን ግን ከኃጢአት አልቆጠርኩትም ነበር። ሥራዬ ነው እል ነበር። ሰው ስላጨበጨበልኝ ደግሞ በጎ ሥራ መስሎኝ ኖሬያለሁ። ዛሬ በስሙ ልጥራው፤ የሁለት ወንድማማቾችን እርቅ ያፈረስኩት እኔ ነኝ።

ሞላሌ ከተማ አስተማሪ ነበርኩ። የትምህርት ቤቱን የድራማ ክበብም እመራ ነበር። ኮሌጅ ሳለሁ፣ የነጻዪቱ አፍሪካ ድራማ የአሮጌና የአዲስ ትግል ነው፣ በመጨረሻ አዲሱ ማሸነፍ አለበት ተብዬ ተምሬያለሁ። እኔም የማሸንፈው አሮጌ ነገር እየፈለግሁ አገሬ ገባሁ።

የክርስትና እናቴ እማማ አስካለ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። ታናሹ ደምሴ በእርሻ ድንበር ተጣልቶ የታላቁን የወርቁን ክንድ በዱላ ሰብሮታል። ከዚያ ወዲህ አንድ ቤተ ክርስቲያን ሲያስቀድሱ እንኳ የሚገቡት በተለያየ በር ነበር። እማማ ከመሞታቸው በፊት ሁለቱን በአንድ ማዕድ ማየት ነበር ምኞታቸው። ሽማግሌ በሽማግሌ ላይ ልከው ደምሴን በመከራ እሺ አሰኙት። እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ በታላቁ እግር ሊወድቅ፣ ወርቁም ድንጋዩን አውርዶ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሊለው፣ ለእሑድ ተቀጠረ።

በዚያው ሳምንት ልጠይቃቸው ብሄድ፣ እማማን ከአጥሩ ካብ ሥር ጎንበስ ብለው ድንጋይ ሲመርጡ አገኘኋቸው። አንዱን ያነሣሉ፣ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ይዳብሳሉ፣ ይጥሉታል።

«ምን እየሠሩ ነው እማማ?»

«ለደምሴ ነው። ሹል ከሆነ አንገቱን ይልጠዋል። ከቀለለ ደግሞ ወርቁ ‹በጠጠር ሊሸነግለኝ ነው› ይላል።» ሳቅ አሉ። «ሁለቱም ከዚሁ ሆድ ወጡ፤ ምን ላድርግ? ለሁለቱም የሚሆን ድንጋይ ፈልጊልኝ እስቲ።»

ፈለግሁላቸው። ዝርግና ልስልስ ያለውን ድንጋይ ያገኘሁት እኔ ነኝ። መርቀው ሸኙኝ። ከምርቃታቸው ወጥቼ ቤቴ ገብቼ ምን ሠራሁ? ያየሁትን ጻፍኩት።

ስንለማመደው የሰነበትነው ድራማ፣ የተማረች ልጅ አባቷን ከሽማግሌዎች ፊት አስነሥታ ወደ ፍርድ ቤት ስትወስደው የሚያሳይ ነበር። የሚያስቅ ነገር ጎድሎታል ብዬ ነበር፤ አገኘሁለት። እናት ለሚታረቅ ልጇ ድንጋይ የምትመርጥበትን ትዕይንት ጨመርኩበት። ከረጢት በበግ ጸጉር ጠቅጥቄ፣ አመድ ቀብቼ ድንጋይ አደረግሁት። በገበያ ቀን፣ በትምህርት ቤቱ ሜዳ፣ እናትየዋ «የልጄን አንገት የማይልጥ የትኛው ይሆን?» እያለች ስትመርጥ፣ ልጁም ጸጉሩ ሾልኮ የሚታየውን ድንጋይ በአንድ ጣቱ ሲያነሣው፣ ሕዝቡ አውካካ።

ደምሴ ከሰው ኋላ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል። አየሁት። አይቼው ድራማውን አላስቆምኩም።

«ደምሴ! ላንተስ እማማ መርጠውልሃል?» አለ አንዱ።

«ምነው የጸጉሩን ድንጋይ ባዋሱህ!» አለ ሌላው።

ሳቁ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ዱላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሄደ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ ወርቁም መጣ፣ ድንጋዩም መሐል ተቀመጠ። ደምሴ ቀረ። ወርቁ «ድሮም ከልቡ አልነበረም» ብሎ ተነሣ። ደምሴ አገሩን ለቆ ቀየት ወደሚባል ቦታ ሄዶ እዚያው ጎጆ ቀለሰ።

እማማ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ።

«ድንጋይ ስመርጥ ያየሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

«እማማ፣ ስም አልጠራሁም እኮ። ድራማ ነው።»

«ድራማማ ከሆነ አለቀ አይደል? በይ ደምሴን መልሽልኝ።»

ምን መለስኩላቸው? ክፍለ ጊዜ አለብኝ ብዬ ገባሁ። ክፍለ ጊዜ አልነበረኝም።

እማማ ሲያርፉ እኔ ከአገር ወጥቼ ናይሮቢ ነበርኩ፤ እስከ ዛሬም እዚሁ ነኝ። ሁለቱ ልጆቻቸው ከሬሳው ግራና ቀኝ ቆመው ሳይነጋገሩ ቀበሯቸው አሉኝ። አምና እዚህ አንድ ቲያትር አየሁ። ካባ የለበሰ ሽማግሌና ሱፍ የለበሰ ልጁ ይከራከራሉ፤ ተመልካቹ በሽማግሌው ይስቃል። አጠገቤ ያሉት «ወጉ ነው ወይስ ሥልጣኔው የሚያሸንፈው?» ይባባላሉ። እኔ ግን የማስበው፣ ይህ ሽማግሌ ከማን ቤት ተወስዶ ይሆን? እያልኩ ነበር።

ዛሬም በትምህርት አምናለሁ። ፍርድ ቤትም ያስፈልጋል። ልጅ ጠልፎ «በሽማግሌ አለቀ» የሚለውን ሰው ዛሬም መድረክ ላይ ባወጣው አልጸጸትም። እኔ ግን የሳቅሁት በክፉ ወግ አልነበረም። ሊታረቅ አንገቱን ባዘጋጀ ሰው ነው፤ አንገቱ እንዳይላጥ በተጨነቀች እናት ነው። ወጣት ነበርኩ አልልም። አላወቅሁም አልልም። አውቅ ነበር፤ ድንጋዩን አብሬ መርጫለሁ።

ያ ድንጋይ ዛሬም እማማ ደጃፍ አለ አሉ፤ መቀመጫ ሆኗል። ለፋሲካ አገሬ እገባለሁ። አንሥቼ አንገቴ ላይ አደርገውና መጀመሪያ ወርቁ ደጅ፣ ከዚያም ቀየት ደምሴ ደጅ እወድቃለሁ። ያውርዱልኝ አያውርዱልኝ የእነሱ ፈንታ ነው። በመንገድ የሚያየኝ ሰው ቢስቅም ይሳቅ። ሳቁን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።