ጋሼ «ቋጠሮ» የሚሉት ፋይል

ጋሼ የምላቸው አጎቴ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ኢንተርኔት ቤት ነበራቸው። መስመሩ ደካማ ስለነበር የሰንበት ትምህርት ቤታችንን መዝሙሮች በዚፕ አሳንሰው በአንድ ፋይል ጠቅልለው የአገራችን ልጆች በሚሰባሰቡበት ድረ ገጽ ላይ ይጭኑ ነበር። ዚፑን «ቋጠሮ» ይሉታል።

ተጭኖ ሲያልቅ «ደረሰላቸው እኮ ጋሼ፣ ቤቱን ይዝጉ» ስላቸው፣

«አንቺ ልጅ፣ ስንቅ ቋጠሮው ሲፈታ እንጂ ሲደርስ አያጠግብም» ይሉኛል። አንድ ሰው «ተከፈተልኝ» ብሎ ሳይጽፍ አይነሡም።

ኮምፒዩተራቸው ሲበላሽ እግዚአብሔር የወሰዳት ልጄ የዘመረችበት ቅጂ አብሮ ጠፋ። ጋሼ በድረ ገጹ ጠየቁ፤ ባሕር ማዶ ያለ የአጎራባቻችን የጀውሃ ልጅ ቀድሞ ያወረደውን ቋጠሮ መልሶ ላከ። ሲፈቱት ድምጿ ወጣ። ጋሼ ወንበራቸውን ለቀቁልኝ።

ዛሬ ጋሼ ዐርፈዋል፤ ያ ቤትም ተዘግቷል፤ በደጁ ሳልፍ ዓይኔ ይፈልጋቸዋል። የልጄ ድምፅ ግን ስልኬ ውስጥ አለ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ጋሼ፣ እዚያ ካገኟት እናቷ እንደምትሰማት ይንገሩልኝ።