በእግራቸው የመጡ

ሴንት ፖል፣ የግዛቱ ምክር ቤት ደጃፍ ላይ የማርከር ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። እንደ እኔ ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ወላጆች ካርቶን ላይ «አናስመዘግብም» እያሉ ይጽፋሉ። ያው ሽታ፣ ያው ዶናት፣ ያው ድንፋታ።

እኔም ልጅ ሆኜ እናቴ ቤት ነበር የምታስተምረኝ። ያኔም ቤት የሚማር ልጅ ሁሉ ይመዝገብ የሚል ሕግ ሊወጣ ነው ተባለና ኮሎምቢያ ሃይትስ በምትባል እዚሁ አቅራቢያ ያለች ከተማ ስብሰባ ተጠራ። በመኪና ያደረሱን ጎረቤታችን ጋሽ በርሄ ነበሩ፤ አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ እኔንም ፊደል ያስቆጠሩኝ ሽማግሌ።

አንዱ ሰውዬ የዶናት ስኳር ጢሙ ላይ እንዳለ ስለ ነፃነት ደነፋ። «ዛሬ ስም ይወስዳሉ፣ ነገ ልጅ ይወስዳሉ» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ወዲያው አንዲት ፈገግታ የማያልቅባት ሴት ወረቀት አዞረች፦ ስም፣ ስልክ፣ አድራሻ፣ የልጆች ዕድሜ። ሁሉም እየተሻማ ሞላ። እናቴም «ለአፕዴት ነው» ብላ ሞላች።

ጋሽ በርሄ ወረቀቱን እንደ ቆሻሻ ካልሲ በሁለት ጣት አንስተው ለሚቀጥለው ሰው አሳለፉት።

«ቀበሌ የወንድሜን ዕድሜ የመዘገበው በራችንን አንኳኩቶ ነው» አሉ። «ሁለተኛ ሲመጣ ለጦርነት ወሰደው። እነዚህ ግን በእግራቸው መጡ።»

«ዋትስ ቀበሌ?» አልኳቸው።

«ዶናትሽን ብዪ» አሉኝ።

አሁን የሰልፉን አስተባባሪዎች ባጅ ያንጠለጠለ ወጣት ፈገግ እያለ መጣና ስልኩን አውጥቶ የልጄን ዕድሜ ጠየቀኝ። በሌላ እጁ ዶናት ይዞልኛል።