ማኪያቶ የመሰለው የማርሽ ዘይት

በደርግ ዘመን ሀዋሳ ውስጥ የአንድ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር የሞተር ጀልባ ነጂ ነበርኩ። ከእኔ በፊት የነበረው ነጂ ሞተሩ ሐይቅ መሀል ነክሶ ቆሞ ቢቀርበት «የኢኮኖሚ አሻጥር» ተብሎ ታሰረ፤ ሲፈታ ወደ ሐይቁ ዞር ብሎም አላየ። ያን ጊዜ ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበር። ሞተሩ ባስነጠሰ ቁጥር የምቆጥረው የመውለጃዋን ቀን ነበር።

ያዳኑኝ አብረውኝ የሚሠሩት ሽማግሌ ናቸው። ሐይቁ ዳር ተወልደው በታንኳ ያደጉ ሲዳማ ነበሩ፤ ማንበብ አይችሉም፣ ሞተር ግን ያውቃሉ። ውኃ እየተቀላቀለ በበርሜል የሚመጣውን ቤንዚን በአሮጌ ባርኔጣቸው ያጠልሉታል። ካንዴላውን አውጥተው ያሸቱታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከሞተሩ ሥር ያለችውን ብሎን ላላ አድርገው ውኃ ገብቶበት እንደሆነ ለማየት ሁለት ጠብታ የማርሽ ዘይት መዳፋቸው ላይ ያንጠባጥባሉ። እኔ ከትራክተር ጥገና የመጣሁ ነኝና አላርፍ አልኩ።

«ጋሼ፣ በየሳምንቱ? ሞተር እኮ ዕንቁላል አይደለም!»

«ትራክተር ሲቆም ወርደህ ትሄዳለህ» አሉኝ። «ከዚህ ወርደህ የት ትሄዳለህ?»

አንድ ዓርብ፣ ሰኞ ከአዲስ አበባ አንድ ባለሥልጣን መጥቶ ሐይቁን እንደሚጎበኝ ተነገረን። ያን ጊዜ ጋሼ አስተምረውኝ ዘይቱን እየተፈራረቅን ነበር የምናየው፤ በማግስቱ ቅዳሜ ተራው የእኔ ነበር። እኔ ሆዬ ጀልባዋን ቀለም ስቀባ ዋልኩና የማኅበሩ የፖለቲካ ውይይት ክበብ ሰዓት ሲደርስ ብሎኗን ሳልነካ ሮጥኩ። ከውይይት ክበብ መቅረት እንደ ዋዛ የሚታይ ነገር አልነበረም። ጋሼ ግን ቀሩ።

ሰኞ ጠዋት በጣሳ የያዙትን ዘይት አሳዩኝ። ማኪያቶ መስሏል። አጠገቡ ከፕሮፔለሩ ሥር የፈቱት የናይለን ክር አለ፤ የተበጠሰ መረብ ተጠምጥሞ፣ ውኃ የሚከለክለውን ጎሚኒ በልቶት፣ ሐይቁ ወደ ማርሹ ይገባ ነበር። ቅዳሜ ሁላችንም ስብሰባ ላይ ሳለን፣ ከአሮጌ ሞተር ፈትተው ያስቀመጡትን ጎሚኒ ገጥመው፣ ዘይቱን ቀይረው ጨርሰዋል።

«አልቋል። አንተም ዝም በል» አሉኝ።

ባለሥልጣኑን ይዘን ጉማሬዎቹ ድረስ ደርሰን ተመለስን፤ ሞተሩ አንዴም አላስነጠሰም። ሰውየው ቀለሙን አደነቀ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የጋሼ መቅረት ክበቡ ላይ ለሂስ ቀረበ። «ጓድ፣ ለምን ቀሩ?» ተባሉ። እውነቱን ቢናገሩ የእኔ ቸልተኝነት ቃለ ጉባኤ ላይ ሊሰፍር ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ሁለታችንም እናውቃለን። ተነሡ።

«እንቅልፍ ወሰደኝ። ጥፋተኛ ነኝ» አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሦስት እሑድ የግቢውን ሣር ብቻቸውን እንዲያጭዱ ሐሳብ ቀረበ፤ የእሑድ ጸሎት አምልጧቸው የማያውቅ ሰው! የሚደግፍ እጁን ያውጣ ሲባል እኔም አወጣሁ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

እሑድ ማለዳ ማጭድ ይዤ ሄድኩ። ጎንበስ ብለው ከሚያጭዱበት ቀና አሉ።

«ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ላግዝዎት ነው፣ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ፣ እጄን ሳወጣ …»

«ባታወጣ ነበር የምቆጣህ» አሉ። «እዚያ ሁሉ ሰው ፊት የዋሸሁት አንተ እንድትያዝ ነው?» ማጭዱን ከእጄ ተቀብለው ሣሩ ላይ ጣሉት። «ሂድ ወደ ሚስትህ። ዛሬ እሑድ ነው።»

ሄድኩ። ከወር በኋላ ልጃችን ስትወለድ ስሟን ያወጣሁላት እኔው ራሴ፣ እስር ቤት ሳይሆን ቤቴ ሆኜ ነው። የጋሼን ነፍስ እግዜር ይማር።