ወረቀቴ ሃምሳ ስድስት፣ አጥንቴ ስልሳ ስድስት

ወደ ካናዳ የሚወስደኝ አውሮፕላን የሚነሳው ማታ ነበር፤ እኔ ግን ከሰበታ የወጣሁት ገና በጠዋት ነው። ያኔ የማስተር ፕላኑ ግርግር ጊዜ ነው፤ ጠዋት ክፍት የነበረ መንገድ ከሰዓት በድንጋይ ተዘግቶ ይገኛል። ታናሽ እህቴ ብርቄ በሩ ላይ ቆማ "ዛሬ ባይሆንስ እትዬ?" አለችኝ፤ አውሮፕላኑም እንደ ሚኒባስ ሰው እስኪሞላ የሚጠብቅ መስሏት። ላለቅስ መሆኔ ሲገባኝ ጮክ ብዬ ስለ ዶሮዎቹ አዘዝኳት። አብረን አርጅተን፣ ስለ ዶሮ እያወራን ተለያየን።

ጎረቤታችን ኦቦ ቶሎሳ በባጃጃቸው ጫኑኝ። ዓለም ገና ሳንደርስ መንገዱ በድንጋይ ታጥሯል፤ ከድንጋዩ ወዲያ ወጣቶች ቆመዋል። ኦቦ ቶሎሳ "አካም ጅርቱ" ብለው ወረዱና በኦሮምኛ ያስረዱ ጀመር። አሮጊት ናት፣ ሰባ ዓመቷ ነው፣ ልጇ ጋ ልትጦር እየሄደች ነው፣ መሬታችሁን የወሰደችውም እሷ አይደለችም። አንደኛው ልጅ ጎንበስ ብሎ አየኝና ድንጋዩን በገዛ እጁ አነሳልኝ።

ካለፍን በኋላ ግን ከነከነኝ።

"ሰባ ይበሉኝ ኦቦ ቶሎሳ?"

"ታዲያ ሃምሳ ስድስት ብላቸው ያሳልፉሽ ነበር?"

ሃምሳ ስድስት የሚለው ፓስፖርቴ ነው። እውነተኛው ስልሳ ስድስት ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ልቀጠር ስሄድ አርባ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ እነሱ ደግሞ ከአርባ በታች ነው የሚፈልጉት። ቀበሌ ሄጄ አሥር ዓመት አስቀነስኩ። ምን ይገርማል፣ ያልቀነሰ ማን ነበረ? ጸሐፊው ራሱ እስክሪብቶውን አንስቶ "ስንት ልበል?" ነው ያለኝ። ፓስፖርቱ ከመታወቂያው ገለበጠ፣ ካናዳም ከፓስፖርቱ ገለበጠች። ብርቄ ፋብሪካ ገብታ ስለማታውቅ ስልሳ ሁለቷን እንደያዘች ቀረች፤ በወረቀት ታላቄ እሷ ናት።

ልጄ ሰናይት የምትኖረው ዊኒፔግ ነው። ብርዱን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? የሱሉልታ ውርጭ እዚህ ቢመጣ ጃኬት ይለብሳል። ከደጅ ይልቅ ፍሪጁ ውስጥ ይሞቃል። ጎረቤታችን "ሃይ" ይለኛል፤ እኔ ደህና አደርክ፣ ልጆች እንዴት ናቸው ልል አፌን ስከፍት መኪናው ውስጥ ገብቷል። ሌላም ነገር አስተዋልኩ፤ ቀሚሶቼ ሁሉ መሬት መጥረግ ጀመሩ። "ሰናይት፣ ይሄ ማጠቢያ ማሽናችሁ ልብስ ያስረዝማል" ብላት "እማዬ፣ ማሽን ያሳጥር ይሆናል እንጂ አያስረዝምም" ብላ ሳቀችብኝ።

በሦስተኛው ወር ደጃፉ ላይ በረዶ አንሸራተተኝና የግራ እጄ አንጓ ተሰበረ። ከፎቅ አልወደቅኩም፣ ከቆምኩበት ነው። ጄሶው ከተፈታ በኋላ ሰናይት ፋሚሊ ዶክተር ወዳለበት ክሊኒክ አድርሳኝ ወደ ሥራዋ ሮጠች። ፋሚሊ ዶክተር ማለት ለጉንፋኑም ለወገቡም ያቺው አንዷ ሐኪም ናት። ረጋ ያለች ሴት ናት፤ ስልክ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ከስልኩ ውስጥ አንድ ጎልማሳ በጠራ አማርኛ "ጤና ይስጥልኝ፣ አስተርጓሚ ነኝ" አለ። የአገሬን ድምፅ ስሰማ ልቤ ቀለጠ።

"እናትዎ ዳሌያቸው ተሰብሮ ያውቃል ወይ ትላለች።"

"ጓሮ ወድቃ ነበር። ወጌሻ አሻት፣ ግን አልተነሳችም። ሦስት ወር ተኝታ ሞተች።"

ይህን ስናገር ፍርሃቴ ሁሉ ተመለሰ። እናቴን ያገላበጥናት እኔና ብርቄ ነን። ሰው አገር እንደሷ ተኝቼ ልቅር?

ሐኪሟ ኮምፒውተሯን ነካክታ ተናገረች። "የአጥንት መሳሳት ምርመራ ለሴቶች የምንጀምረው ከስልሳ አምስት ዓመት ነው። እርስዎ ገና ሃምሳ ስድስት ነዎት፤ ግን በቀላሉ ስለተሰበሩ የሚያሰጋዎትን ላስላው። ስሌቱ ዕድሜን አጥብቆ ያያል።"

ስልኩን አቅፌ ጠጋ አልኩ። "ልጄ፣ አንተ የአገሬ ሰው ነህ። እውነቱ ስልሳ ስድስት ነው፤ ለፋብሪካ ብዬ ነው የቀነስኩት። ብናገር ይመልሱኛል? ይቺን እንዳትተረጉምብኝ።"

"እማማ፣ የሰማሁትን ሁሉ የመተርጎም ግዴታ አለብኝ።"

"ይቺንም?"

"ይቺንም" አለና ተረጎመ። እንዳትተረጉም ያልኩትን ሁሉ አንድ ሳያስቀር። ከሐኪሟ ፊት ያወቅኩት "ይቺንም?" የምትለው ላይ ሲደርስ ነው፤ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች።

እኔ በልቤ ሻንጣዬን እያሰርኩ ነበር።

"እኔ ኢሚግሬሽን አይደለሁም" አለች። "የወረቀቱን ጉዳይ ከልጅዎ ጋር ጠበቃ ያማክሩ። ለአጥንትዎ ግን እውነቱን ነው የምፈልገው።" አጥንት ሲሳሳ ሰው ያጥራል ብላ አስነስታ ከግድግዳው ጋር አቆመችኝና ለካችኝ። በፋብሪካው የጤና ካርድ አንድ ሜትር ከስልሳ ሁለት ነበርኩ፤ አሁን አንድ ሜትር ከሃምሳ ሰባት ሆኜ ተገኘሁ። ማሽኑን በከንቱ ነው የወቀስኩት።

የአጥንት ፎቶ የሚያነሳ መሣሪያ ላይ አስተኝተውኝ መሳሳቱ ታወቀ። ክኒን ታዘዘልኝ፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ በባዶ ሆድ፣ በአንድ ብርጭቆ ውኃ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ሳይተኙ ቀጥ ብሎ መቀመጥ። በጾም ውኃውስ ብዬ ተከራከርኩ፤ ጠዋት በማልጾምበት በቅዳሜ ተስማማን። ወተት በማልጠጣበት ጊዜ ጎመንና ሰሊጥ፣ በየቀኑ እግር ጉዞ። ቅዳሜ ጠዋት ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብዬ እቀመጣለሁ፤ ሰናይት አይታኝ ትስቃለች።

የምቀመጠው ግን ስለ ብርቄ እያሰብኩ ነው። ያው አንድ እናት ናት የወለደችን። ባለፈው ቅዳሜ ደወልኩላት።

"ብርቄ፣ አጥረሻል እንዴ?"

"ካናዳ ሄደሽ ሰው መለካት ጀመርሽ?" ብላ ሳቀች። "ምንም አልሆንኩ። መብራት ኃይሎች ናቸው ያስቸገሩኝ፤ ቆጣሪውን ከፍ አድርገው ሰቅለውታል። መብራት በጠፋ ቁጥር ዱካ ላይ ቆሜ ነው ማብሪያውን የምመልሰው።"

ቆጣሪያችንን አውቀዋለሁ። ግድግዳው ላይ ከተመታ ጀምሮ ማንም ነክቶት አያውቅም፤ ብርቄ ክንዷን ዘርግታ ነበር የምትደርስበት።

"ብርቄ፣ ጤና ጣቢያ ሄደሽ አጥንቴን እዩልኝ በያቸው። ደግሞ ዱካው ላይ እንዳትወጪ፣ በሞትኩት።"

"ታዲያ ማን ያብራልኝ፣ እትዬ?" አለችኝ።