ራዶይካና ያበልጇ ቀይ ክሪክ

ከተማችን ቭርሻትስ ውስጥ ራዶይካን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የመጣ መሆን አለበት። ቁመቷ ከትከሻዬ አይደርስም። ወንበር ስጧት፤ መጀመሪያ በእጇ ጫን ታደርገዋለች፣ ወዝወዝ ታደርገዋለች፣ ከዚያ በኋላ ነው የምትቀመጠው። በሰርጓ ቀን ሙዚቀኞቹ የሚቆሙበትን መድረክ አላመነችውም። ቬሏን ሰብስባ ከሥሩ ገባችና እግሮቹን አንድ በአንድ እየነካካች አየች። ሚዜያቸው ስለነበርኩ ከዚያ ጎትቼ ያወጣኋት እኔው ነኝ። ቀሚሷ ጉልበቱ ላይ አቧራ ለብሶ ነበር፣ ግን ፊቷ በራ። «ይይዛል» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ነው የጨፈረችው።

ሥራዋም ይኸው ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በፋብሪካ ግቢ ውስጥ የክሬን መንጠቆና ሰንሰለት ስትፈትን ኖረች። ሌሎቹ ብረቱን ያንጠለጥላሉ፣ እሷ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ታያለች።

«ሥራሽ ምንድነው?» ሲሏት፣ «ቁጭ ብዬ ማየት» ትላለች።

«ምኑን?»

«አለመውረዱን።»

ሰው ይስቅባታል። እሷ ግን በፈተነችው ሰንሰለት አንድም ሰው ጣቱን እንኳ አላጣም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ፣ ራዶይካ የተፈጠረችው ለመጠርጠር ነው።

እኔ ቬሊቦር እባላለሁ፣ ጸጉር አስተካካይ ነኝ። ራዶይካንና ባሏን ቲሆሚርን ያጋባኋቸው እኔ ነኝ፤ ልጃቸውንም ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። እኛ ዘንድ ደግሞ አበልጅ የሸሚዝ ቁልፍ አይደለም፣ ሲበጠስ ሌላ አይሰፋም። አበልጅ ሲመጣ ከወንበር ይነሱለታል፣ የሰጠውን ነገር ክፉ አያወሩበትም። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ፣ አልዋሽም። ደሜ ቶሎ ይፈላል፣ ቶሎ ግን አይበርድም።

ቲሆሚር ስልሳ ዓመት ሲሞላው መኪና የሚያነሳ ክሪክ ሰጠሁት። በዘይት የሚሠራ፣ ባለ ጎማ፣ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ። ከመንገድ ዳር ነበር የገዛሁት፤ ለምን እሱን መረጥክ ቢሉኝ ቀለሙ ነው የማረከኝ፣ ሌላ ምንም አላየሁም። ቲሆሚር ዐይኑ እንባ አቀረረ። ጓሮ ያለው ጋራዡ ውስጥ አንዲት ነጭ አሮጌ ዛስታቫ መኪና አለችው። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ተበላሸችም አልተበላሸችም፣ በዚያ ክሪክ ያነሳትና ከሥሯ ይተኛል። ራዶይካም የጠበሰችውን በርበሬ ይዛ ትመጣለች፣ አጠገቡ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ትልጣለች፤ እስኪወጣ ድረስ ንቅንቅ የለም።

«ኧረ ተይው፣ አይሰርቁብሽም፣» እላት ነበር እየሳቅኩ። «በዚህ ዕድሜ ባሏን እንዲህ የምትጠብቅ ሴት አላየሁም።»

እሷ ግን በርበሬዋን ትልጣለች።

ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ባለፈው ጥቅምት፣ በረዶ ሳይመጣ የክረምት ጎማ የሚቀየርበት ሰሞን፣ አርብ ከሰዓት ሱቄ መጣች። ደንበኛዬ ፊቱ በሳሙና ተለቅልቆ እንደተቀመጠ በሩ ላይ ቆመች።

«አበልጅ፣ ነገ ገበያ ታደርሰኛለህ? ወንድሜ ክሪክ ግዢልኝ ብሎኛል።»

«ክሪክ ከሆነማ እኔ አለሁልሽ» አልኳት አፌን ሞልቼ። «ክሪክ መምረጥ እኔ አውቅበታለሁ።»

«እሱን ብዬ ነው የመጣሁት» አለችና ወጣች።

ቅዳሜ ጠዋት ዘንቢሏን አንጠልጥላ መጣች፣ ከላይ ባሮ ሽንኩርት ተጎዝጉዞበታል። ገበያ ሳይደረስ የተገዛ ባሮ ሽንኩርት ምን ያደርጋል ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። ዕቃ መሸጫው ዘንድ ስንደርስ ጎይኮ የሚባል ወፍራም ነጋዴ ክሪኮቹን ሸራ ላይ ደርድሯል። ራዶይካ ጎንበስ ብላ አንዱን ገለበጠችው። ሁለተኛውን ገለበጠችው። ሦስተኛውንም።

«እናቴ፣ በግ አይደለም እኮ የሚያገላብጡት» አላት ጎይኮ።

«በግ ቢሆንማ ሰው ከሥሩ አይተኛም» አለችው።

በዙሪያው የነበሩት ሳቁ። እሷ የምታየው ብየዳውን ነበር። ከላይ ቀለም ሁሉንም ያሳምራል፤ ከሥር ግን ብየዳው ተንጠባጥቦ የቀረ፣ እንደ ማስቲካ የተለጠፈ፣ ጭራሽ ብረቱን ከብረቱ ያላገናኘም አለ። አንዱ ላይ «ሦስት ቶን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ራዶይካ በጥፍሯ ጫፉን ላጥ አደረገችው።

«ይሄ የተለጠፈ ነው። ብረቱ ላይ የተመታው ቁጥር የታል?»

ብረቱ ላይ የተመታ የለም። ወደ ጎን ገፋችው። ሌላውን ባንድ እጇ ብድግ አደረገችና መልሳ አስቀመጠችው፤ «ይሄ ራሱን መሸከም አይችልም» አለች። ከኪሷ ደግሞ ክር አወጣች፣ ክሩ ላይ ቋጠሮ አለ፤ የመኪናው ሆድ ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንደሚል የለካችበት ነው። ክሪኩ እስከ ታች ሲወርድ ከቋጠሮው በታች ካልሆነ ከመኪናው ሥር አይገባም። የመሸከሚያው አናት ላይ ጎማ ያለበትን ፈለገች፣ ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታል አለች። እግሮቹ ጠበብ ያሉትንም በመዳፏ ገፋ ስታደርጋቸው ተወዛወዙ። ከዚያ ሁሉ መዓት ሦስት ክሪክ ቀረ፤ አንድ ግራጫ፣ አንድ ሰማያዊ፣ አንድ ቀይ።

ቀዩን ሳየው ልቤ ሞቀ። ለቲሆሚር የሰጠሁት ቁርጥ እሱ ነው፣ መንታው ነው። ከላይ የተመታበት ቁጥር ነበረው፣ ብየዳውም ደህና ነው፣ እሷም አልጣለችውም።

«ይኸው ነው!» አልኩ። «ሌላ ማየት አያስፈልግም። አበልጄ ሦስት ዓመት በዚሁ ነው የሚሠራው።»

«ታዲያ እንየዋ» አለች ራዶይካ። ወደ ጎይኮ ዞር ብላ፣ «መኪናህን በክሪኩ ታስነሳኛለህ?»

ጎይኮ መኪናውን ሰጠ። አጠገቡ ያሉት ሁለት ነጋዴዎችም ከማን እናንሳለን ብለው የራሳቸውን ሰጡ። ሦስት የዕቃ መኪና፣ ሦስት ክሪክ። የእጅ ፍሬን ተያዘ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ ተደረገ። ራዶይካ ጋዜጣ ቀደደችና በተነሳው ጎማ ሥር አንዳንድ ቁራጭ አስገባች፤ ወረቀቱ ሲሳብ በቀላሉ እስኪንሸራተት ድረስ ብቻ ክሪኩን አስነሳችው፣ ከዚያ በላይ አንድ ፀጉር አልጨመረችም።

«አሁን ባለ አይብ ቡሬክ እንበላለን» አለች። «ስንመለስ ወረቀቱ ከወጣ ክሪኩ ይዟል። ካልወጣ ወርዷል።»

ኧረ ምን ቡሬክ ይበላል! ገበያው እኮ ተሰበሰበ። ዓሣ ሻጩ ሚዛኑን ጥሎ መጣ፣ የካሴት ሻጩ ሙዚቃውን ዘጋ። በቢራ ተወራረዱ። አንዱ በግራጫው፣ አንዱ በሰማያዊው። እኔ በቀዩ ላይ አንድ ሳጥን ቢራ ያዝኩ፣ ድምፄ እስኪዘጋ ድረስ ጮህኩ። «ቀለሙን እዩት! ቁመናውን እዩት!» እላለሁ። በስድሳ አራት ዓመቴ እንዲህ የጓጓሁበትን ቀን አላስታውስም፣ እግሬ መሬት አልይዝ አለኝ። ቡሬኬ በእጄ ላይ ቀዘቀዘ። ራዶይካ የፍራፍሬ ሳጥን ገልብጣ ተቀምጣለች፣ ዐይኗ ጎማዎቹ ላይ ነው።

ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ተነሳች። መጀመሪያ ግራጫውን። ወረቀቱ ከጎማው ሥር ሹልክ ብሎ ወጣ። የእልልታ ያህል ጩኸት ሆነ። ሰማያዊውም ወጣ፣ ግን ፒስቶኑ ዙሪያ በጣቷ ነካ አድርጋ ዘይቱን አሳየችን።

«ዛሬ ላብ፣ ነገ ልቅሶ» አለች።

ከዚያ ወደ ቀዩ። «እኔ ልሳበው» አልኩና ተሽቀዳድሜ ጎንበስ አልኩ። ሳብኩ፣ እምቢ አለ። ጠበቅ አድርጌ ሳብኩ፣ ግማሹ ወረቀት በእጄ ላይ ተቀደደና ቀረ። ጎማው መሬት ላይ ቁጭ ብሏል። መቶ ሰው ከብቦት እያየ፣ አንድም ሰው ሲወርድ አላየውም፤ ድምፅ እንኳ አላሰማም።

ሰው ሁሉ ሳቀብኝ፣ ስለ ቢራዬም ጮኸ። እኔ ግን አልሰማሁም። የተቀደደውን ወረቀት ይዤ ራዶይካን አየኋት።

«ወንድምሽ መኪና አለው?»

«የለውም።»

«ቲሆሚር የት ነው?»

«ጋራዥ ነዋ። ቅዳሜ አይደል።»

የመኪናዬን ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ ልሮጥ ስል እጅጌዬን ያዘችኝ። ዘንቢሏን ከፈተችና ባሮ ሽንኩርቱን ገለጥ አደረገችው። ከሥሩ ቀይ የብረት ዘንግ፤ የቲሆሚር ክሪክ እጀታ።

«ያለዚህ አይነሳም» አለች። «ሌሊት ሲተኛ ወሰድኩት።»

እዚያው የፍራፍሬ ሳጥኑ ላይ ቁጭ አልኩ። ያን ጊዜ ሁሉን ነገረችኝ፤ ክሪኩ እንደሚወርድ ከመጀመሪያው ክረምት ጀምሮ ስታውቅ ኖራለች። ለቲሆሚር ነገረችው፣ ያበልጅ ስጦታ ነውና አርፈሽ ተቀመጪ አላት። ሌላ ክሪክ ልግዛ አለች፣ ቬሊቦር ቢያይ ምን ይላል አላት። ከዚያ በኋላ ምን ታድርግ፤ እሱ ከሥር ሲገባ ወፍራም ግንድ ለድጋፍ ከመኪናው ሥር እየገፋች፣ በርበሬ ልላጥ ብላ አጠገቡ ቁጭ ማለት። ሦስት ዓመት ሙሉ። እኔም ቆሜ ሳቅኩባት።

«ለምን ለኔ አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ብነግርህ ትሰማኝ ነበር?»

አልሰማም ነበር። «ካንተ አፍ ካልሰማው አይተወውም» አለችኝ። «እኔማ ሚስቱ ነኝ።»

አፍሬ ነበር፣ ግን ማፈሩ ራሱ ጉልበት ሆነኝ። ተነሳሁና ግራጫውን ክሪክ እንደ ሙሽራ መረመርኩት። ጎይኮን ከአቅሙ በላይ ጭነት ብጭንበትስ አልኩት፣ እምቢ ብሎ ይቆማል እንጂ አያነሳም አለኝ። ሲወርድስ አልኩ። እጀታውን ቀስ ብዬ አዞርኩ፣ መኪናው ሕፃን እንደሚያስተኙት ቀስ ብሎ መሬት አረፈ። ሦስት ጊዜ አነሳሁት፣ ሦስት ጊዜ አወረድኩት፣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ራዶይካ ግን «ይሄም ቢሆን ብቻውን አይታመንም፤ ክሪክ ለማንሳት ነው፣ ለመሸከም አይደለም» አለችና ሁለት ካቫሌቶም አስጨመረች፤ መኪናው ከተነሳ በኋላ ከሥሩ የሚቆሙት ባለ እግር ብረቶች ናቸው። ግራጫው ሠላሳ አምስት ኪሎ ይመዝናል። መኪናዬ ላይ ስንጭነው ወገቤ ሊቀነጠስ ነበር።

መንገድ ላይ ለሁሉም ጥሩምባ እየነፋሁ ነዳሁ። የተናደድኩት በራሴ ነበር።

ቲሆሚር ጋራዡን ገለባብጦታል። መሳቢያው ሁሉ ተከፍቷል፣ እሱ በጉልበቱ ተንበርክኮ እጀታውን ይፈልጋል። እንዳየኝ ተነስቶ እጁን በጨርቅ ጠራረገ።

«ና አበልጄ፣ አንድ ብርጭቆ...»

«አልጠጣም» አልኩት። «ቲሆሚር፣ ስጦታዬን መልስልኝ።»

ፊቱ ዐመድ መሰለ። «ምን አስቀየምኩህ?»

«ምንም። ክሪኩ አይዝም። ይወርዳል። ገበያ ላይ በዐይኔ አይቼ መጣሁ።»

ቲሆሚር እጁን ደጋግሞ ጠረገ፣ ንጹሕ ሆኖም ይጠርገዋል።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«እንደሚወርድ። ከመጀመሪያው ክረምት ጀምሮ።»

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። «ታዲያ አብደሃል? ከሥሩ ምን ትሠራለህ? ልትሞትብኝ ነው?»

«ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው» አለ። «እኔ ቶሎ ነው የምወጣው።»

«ቲሆሚር፣ አትቀልድብኝ። ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር?»

እስቅ ነበር፣ ወዲያው እቀይርልህ ነበር፣ እንዲህ ልለው አፌን ከፈትኩ። ራዶይካ ዘንቢሏን እንደያዘች ታየኛለች። መዋሸት አቃተኝ።

«ደጅህን አልረግጥም ነበር» አልኩት።

«እኔም የፈራሁት እሱን ነው» አለ ቲሆሚር። «መኪናዋንማ ምን እፈራታለሁ።»

እዚያው ጋራዡ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ፣ ሳልደብቅ። ራዶይካ አይዞህ አላለችኝም። ወደ መኪናዬ ሄደች፣ የኋላውን በር ከፈተችና ጠራችን።

«በሉ ኑ፣ አንድ አንድ ጫፉን ያዙ፤ ለብቻ አይነሳም።»