ካሰችና ጆሮ ቅዷ ዝንጀሮ

ካሰች ዝንጀሮ ትጠላለች፤ ጥላቻዋንም አትደብቅም። ከቴፒ ወጣ ብሎ፣ ጫካው ከቡናው በሚገናኝበት ቁልቁለት ላይ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በቆሎዋን ከማማ ላይ ሆና በወንጭፍ ስትጠብቅ ኖራለች። ከመንጋው ሁሉ አንጀቷን የምታሳርራት ጆሮዋ የተቀደደ አንዲት እንስት ነበረች። እሷ ብቅ ስትል ሌሎቹ እንስቶች የያዙትን ትተው ይነሡላታል።

ዮሃና የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዝንጀሮ ለማጥናት መጥታ ማማው ላይ ስትወጣ ካሰች ፊት ነሳቻት። ልጅቷ ግን አልተመለሰችም።

"እማማ ካሰች፣ ያቺ ገና ጡት የጣለች የጆሮ ቅዷ ልጅ ትልልቆቹን እንዴት ታባርራለች?"

"ጉልበት መሰለሽ? ስትጮህ እናቷ ትደርስና ትነክስላታለች። ሁለት ሦስት ጊዜ የተነከሰች፣ ከዚያ ወዲያ ግልገሏን ገና ስታይ ትነሣለች። ታላላቅ እህቶቿ እንኳ ይለቁላታል፤ እናትየው ሁልጊዜ ለትንሿ ነዋ የምታደላው። ባለጌዎች!"

ዮሃና ቃል በቃል ጻፈችው።

በሐምሌ ጎረቤቷ ጥበቡ መጣ። "መርዝ በበቆሎ ለውሼ ወንዙ ዳር ላስቀምጥ ነው" አላት።

"የራስህ ጉዳይ" አለችው።

በማግስቱ ጆሮ ቅዷ ወንዙ ዳር ተዘርራ ተገኘች። ካሰች "እሰይ!" ብላ አጨበጨበች። የግልገሏን ውርደት ለማየትም ማማው ላይ ተሰየመች። በሦስተኛው ቀን፣ ስትነከስ የኖረች አንዲት ግዙፍ እንስት ግልገሏን ማጅራቷን ይዛ መሬት ላይ ደፈቀቻት። ግልገሏ ጮኸች። ይሄኔ ሁለቱ እህቶቿና አክስቷ ከዛፍ ወርደው ግዙፏ ላይ ሰፈሩባት፤ እየደማች ሸሸች። ትንሿ ፀጉሯን አራግፋ እናቷ ትቀመጥበት የነበረው ድንጋይ ላይ ወጣች። ካሰች ምራቋን ተፋች።

በዚያው ሳምንት ውሻዋ መቻል አረፋ እየደፈቀ ደጃፏ ላይ ሞተ። ዱላዋን ይዛ ጥበቡ በር ላይ ቆመች።

"ውሻዬን ገደልከው!"

"ዝንጀሮዋ ስትሞት እሰይ ያለው ማን ነው?"

ካሰች በሩን በዱላ መታችውና ተመለሰች።

ዮሃና ወሬውን ሰምታ መጣች። "መርዙን ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር። ምን ይጠበስ?"

ልጅቷ ደብተሯን አጥፋ ወረደች። ከዚያ ወዲህ ከወንዙ ማዶ ሆና ታጠናለች እንጂ ወደዚያ ማማ አልመጣችም። ሽማግሌዎችም ተሰብስበው ጥበቡ ይቅርታ ይጠይቅሽ፣ እርቅ አውርዱ ቢሏት፣ "መጀመሪያ መቻልን ያምጣልኝ" አለቻቸው።

በቆሎው ሲደርስ መንጋው ከሁለቱም ማሳ እኩል በላ። ካሰችና ጥበቡ ማሳቸውን አንድ ላይ ለማጠር እንኳ መነጋገር ስላልፈለጉ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አጠሩ።